ዶሮዋ ቀይ ናት፤ ግን ዘሯ ምንድን ነው?

በዓል ሲቃረብ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች መካከል ሲያልፉ የዶሮ ሻጮቹን ጥሪ ልብ ብለው ሰምተው ያውቃሉ? «ገብስማ አለ! ቀይ አለ! ነጭም አለ!» ክብደቱ ሳይነሳ ቀለሙ ይጠራል። ገዢውም በቀለም ይመርጣል፤ ቀዩ ይወደዳል፣ ጥቁሩ ብዙ ጊዜ በቅናሽ ይሸጣል። ድስት ውስጥ ገብቶ አሥራ ሁለት ብልት ከሆነ በኋላ ግን የላባውን ቀለም በጣዕሙ የሚለይ ሰው አላጋጠመኝም።

በዶሮ ቀለም ስም አማርኛችን ሀብታም ነው። ገብስማ ነጭና ጥቁር ተቀላቅሎ ግራጫ የመሰለው ነው፤ ፀጉሩ መሸበት የጀመረውንም ሰው በዚሁ ስም እንጠራዋለን። ዥግርማ እንደ ዥግራ በጥቁር ላይ ነጭ ነጠብጣብ የተበተነበት ነው። ቆቅማ ቆቅን ይመስላል። ደረቱ ላይ ወርቃማ ቀለም ያለው ደግሞ ልበ ወርቅ ይባላል። ፈረሱን ዳማ፣ በሬውን ቡሬ ያሉት አባቶቻችን ያዩትን በአንድ ቃል መግለጽ ያውቁበታል።

ነገር ግን እነዚህ ስሞች የሚነግሩን ዓይን ያየውን ብቻ ነው። አንዲት የሐበሻ ዶሮ ከታቀፈቻቸው እንቁላሎች ቀይም፣ ጥቁርም፣ ገብስማም ጫጩት ይፈለፈላል። ቀለም ስለ ዘር ብዙ አይናገርም።

ይህን ያልተረዳች አንዲት ጎረቤቴ አምና ገጠር ላሉት እናቷ አምስት ቀያይ የ45 ቀን ቄቦች ገዝታ ላከች። እናትየዋ «ቀይ ዶሮ» ሲባሉ የሚያውቋትን የሐበሻ ቀይ ነበር ያሰቡት። ቄቦቹ አድገው እንቁላል ጣሉ። እናትየዋ ግን የአንዷንም እንቁላል ሳይሸጡና ሳይበሉ ለመታቀፍ አጠራቀሙ። አንዷም አልታቀፈችም። ጥሬ እየለቀሙ ግቢ ለግቢ መዋሉም አልበቃቸውም፤ ከስተው እንቁላል መጣሉንም ቀነሱ። ጎረቤቴ «እናቴን ያስደሰትኩ መስሎኝ አሳዘንኳት» ስትል አንጀቴን በላችው።

ዶሮዎቹ ጥፋት የለባቸውም፤ ያሳሳተው «ቀይ» የሚለው ስም ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ቀይ የሚባሉት ዶሮዎች ብዙ ዓይነት ናቸው። የሐበሻዋ ቀይ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ ግን ትታቀፋለች፣ ጫጩቶቿን ታሳድጋለች፣ ራሷን ትመግባለች። ቦቫንስ ብራውን በአግባቡ ከተያዘች በዓመት 300 ገደማ ትጥላለች፤ የተመጣጠነ መኖ ካላገኘች ግን አትችልም፣ የመታቀፍ ጠባዩም በማርባት ሂደት ከዘሯ እንዲጠፋ ተደርጓል። ከፈረንሳይ የመጣው ሳሶ ደግሞ ለሥጋም ለእንቁላልም የተዘጋጀ ነው።

በሙያው የተሰማሩ አርቢዎች ስም የሚሰጡት በሌላ መንገድ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ እባብን እንደ ቤት እንስሳ የሚያረቡ ሰዎች አሉ። አንድ ዘንዶ እንግዳ ቀለም ይዞ ቢወለድ መልኩ ብቻ አይበቃቸውም፤ አዋልደው ቀለሙ ወደ ልጆቹ መተላለፉን ያረጋግጣሉ። መልኩ እንደ ማንኛውም ዘንዶ የሆነውን፣ ነገር ግን የነጭነትን ዘር በውስጡ የተሸከመውን እንኳ «ተሸካሚ» ብለው ለይተው ይሸጡታል። ስሙ የመልክ ብቻ ሳይሆን የዘርም መግለጫ ነው ማለት ነው።

የዶሮ አርቢዎችም ቀለምን ለሥራ ይጠቀሙበታል። ቦቫንስ ብራውን የምትገኘው ቀይ አባትና ነጭ እናት ተመርጠው ሲዳቀሉ ነው። በተፈለፈሉበት ዕለት ሴቶቹ ቡናማ፣ ወንዶቹ ነጣ ያሉ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ፆታቸው በቀለማቸው ይለያል። እነዚህን ድቅሎች ቤት ውስጥ እርስ በርስ ብናዋልዳቸው ግን ልጆቹ እንደ እናታቸው አይሆኑም፤ ቀለሙም ምርቱም ይበታተናል።

እንግዲህ ዶሮ ሲገዙ በቀለሙ ይደሰቱ፤ ግን አራት ጥያቄ ይጨምሩ። ዝርያው ምንድን ነው? ዕድሜው ስንት ነው? የትኞቹን ክትባቶች ወስዷል? ምን ሲመገብ ቆየ? ሻጩ «ቀይ ነው» ብቻ ብሎ ከመለሰልዎ ዝርያውን ገና አልነገረዎትም። ገጠር ላሉ ወላጆች የሚልኩ ከሆነ ደግሞ መኖ የሚገዛላቸው መኖሩን አስቀድመው ያስቡ፤ መራባትን ከፈለጉም የምትታቀፍ የሐበሻ ዶሮና አውራ ዶሮ ያስፈልጋቸዋል።

ጎረቤቴ ዘንድሮ ለእናቷ አንዲት ገብስማ የሐበሻ ዶሮ ከነአውራዋ ላከች። ለቀያዮቹም መኖ የሚገዛበት ገንዘብ በየወሩ ትልካለች። ባለፈው ሳምንት ስልክ ስትደውል እናቷ መጀመሪያ የነገሯት ዜና «ታቀፈችልኝ» የሚል ነበር።