ስምንት ሰዓት ከአርባ

ክረምቱን ከዚህ ገጽ የጠፋሁት አሜሪካ፣ ሲያትል ከተማ ልጄ ዘንድ ሄጄ ነው። ደውላችሁ የጠየቃችሁኝን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ፎቁና ስለ ገበያው አይደለም። ልጄና ባለቤቷ ሁለቱን ልጆቻቸውን ይዘው፣ ድንኳን ጭነው፣ ለአራት ቀን በመኪና ተራራና ባሕር ሲዞሩ እኔንም አስከትለውኝ ነበር፤ እዚያ ስለገጠመኝ ነገር ነው።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡን ስሰማ አልጣመኝም። እኛ ዘንድ ድንኳን የሚተከለው ወይ ለሰርግ ወይ ለለቅሶ ነው። አልጋ ያለው ሰው ምን ቆርጦት መሬት ላይ ይተኛል? ልጄ ግን፣ «አባዬ፣ እዚህም ትምህርት ቤት የሚዘጋው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ልዩነቱ እናንተ ጋ ዝናብ፣ እኛ ጋ ፀሐይ መሆኑ ነው። አሁን ካልወጡ መቼ ሊወጡ ነው?» አለችኝ። ጋቢዬን ይዤ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ከሲያትል መኪናችንን ይዘን ትልቅ ጀልባ ላይ ወጣን። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ባሕር ተሻግረን ወረድንና ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ረጅም ድልድይ አልፈን ኦሊምፒክ ወደሚባለው ብሔራዊ ፓርክ አመራን። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1938 የተቋቋመ ሲሆን፣ እንደ ሰሜን ተራሮቻችን በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። አንድ ፓርክ ውስጥ በረዶ የለበሰ ተራራም፣ ጥቅጥቅ ያለ ደንም፣ የፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻም አለ።

የተራራው ነገር መጀመሪያ አስቆኝ ነበር። ሃሪኬን ሪጅ የሚባለው ሕዝብ የሚጎርፍበት ስፍራ ከፍታው 1,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ በብዙ ያንሳል። የተራሮቹ ሁሉ አናት ኦሊምፐስ ራሱ 2,432 ሜትር ነው፤ እንጦጦ ይበልጠዋል። «ይሄማ ጉብታ ነው» ብዬ የልጅ ልጄ ላይ ቀለድኩ። ግን አገሩ ከምድር ወገብ የራቀ ስለሆነ፣ በሐምሌ ፀሐይ ከመንገዱ ዳር በረዶ ተጋድሞ ነበር። የኦሊምፐስ አናትማ ዓመቱን ሙሉ ግግር በረዶ ተሸክሞ ነው የሚኖረው። ቀልዴን ዋጥ አድርጌ ጋቢዬን ደረብኩ።

የልጅ ልጄ አሥር ዓመቱ ነው። አማርኛ የሚያወራው ከእናቱ ጋር ብቻ ስለሆነ ለእኔም እንደ እናቱ «ነይ» ይለኛል። «አባባ፣ ነይ! አባባ፣ እዪ!» እናቱ ልታርመው ስትል ተዪው አልኳት።

የመጀመሪያው ሌሊት ከተራራው ሥር ጫካ ውስጥ አደርን። ሽሯችንን በጋዝ ምድጃ ሠርተን በላንና ልተኛ ስል ልጁ ባትሪውን ይዞ መጣ። «ኪስ» አለኝ። ኪሴ ውስጥ ያለው ያው የመንገድ ቆሎዬ ነው። ለካ ድንኳን ውስጥ ምንም የሚበላ ነገር አይገባም፤ ሽታውን ተከትሎ ድብም ሌላ አውሬም ይመጣል። ምግብ ሁሉ፣ የጥርስ ሳሙና ሳይቀር፣ መኪና ውስጥ ይቆለፍበታል። በስልሳ ስምንት ዓመቴ በአሥር ዓመት ልጅ ተፈትሼ ቆሎዬን አስረከብኩ።

በማግስቱ በሀይዌይ 101 ወደ ምዕራብ ተጉዘን ሞራ የሚባል የድንኳን ሥፍራ ሰፈርን። ከዚያ ሪያልቶ የተባለው የባሕር ዳርቻ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሸዋ ጠብቄ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ድቡልቡል ጠጠርና ባሕሩ የተፋቸውን ግዙፍ ግንዶች ነው። ከዳርቻው ወደ ሰሜን ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ሲሄዱ፣ ሞገድ የፈለፈለው እንደ በር ያለ ቀዳዳ ያለበት ትልቅ አለት አለ። ውሃው ሲሸሽ በቀዳዳው አልፎ ወዲያ ማዶ መሄድ ይቻላል። ሲመለስ ግን በሩ ይዘጋል።

እኛ ሐይቅ እንጂ ውቅያኖስ ስለሌለን ይህን ላስረዳ። ጨረቃና ፀሐይ በሚስቡት ስበት የተነሳ፣ በዚያ ዳርቻ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በሙላትና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሁለት ሜትር ይበልጣል። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ስለሚገፋ የትናንቱ ለዛሬ አይሠራም። ስለዚህ ሰዓቱን የያዘ ሠንጠረዥ አለ፤ ልጁም ማታ ከዚያ ላይ አይቶ መዳፉ ላይ በእስክሪፕቶ ጽፎታል።

ጠዋት ተነሥተን ሄድን። ትንሿ ልጅ ጠጠሩ ላይ መራመድ አቅቷት ስላለቀሰች እናትና አባቷ ከኋላ ቀሩ። እኔና ልጁ ቀደምን። «ሰዓቱን እሱ ያውቀዋል፣ አባዬ» አለች ልጄ። እየሄድን ጠየቅሁት። በአማርኛ ለመመለስ እየተጣጣረ፣ «ውሃ በጣም ወደ ታች የሚሄደው ስምንት ሰዓት ከአርባ» አለኝ።

ደስ አለኝ። ስምንት ሰዓት ከአርባ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ጊዜ አለን ማለት ነው። በቀዳዳው አለፍን። ከአለቱ ሥር በቀሩት ኩሬዎች ውስጥ የኮከብ ቅርጽ ያላቸው እንስሳት ተለጥፈው አየን። እኔ ግንድ ላይ ተቀምጬ ባሕሩን ሳይ ሐሳብ ይዞኝ ሄደ።

«አባባ፣ ነይ፣ እንሂድ» አለኝ ልጁ።

ሰዓቴን አየሁ። «ገና አራት ሰዓት ተኩል ነው። ስምንት ሰዓት ብለኸኝ የለም እንዴ?»

«አራት?» አለና ግራ ተጋብቶ አየኝ። «አይደለም፣ ስምንት አልፏል...»

«ትልቅ ሰው ሲናገር አይመለስም» አልኩት።

ዝም ብሎ ተቀመጠ። እንደገና ተነሥቶ እጅጌዬን ሲጎትት ግማሽ ሰዓት ያህል አልፎ ነበር። ዞር ስል የመጣንበት ቀዳዳ ውስጥ ነጭ አረፋ እየገባ ይወጣል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እናንተ ቀድማችሁኝ ገብቷችሁ ይሆናል። ልጁ የተናገረው በአማርኛ ነው፤ የቆጠረው ግን በእንግሊዝኛ ነው። የእሱ ስምንት ሰዓት ከአርባ የእኔ ሁለት ሰዓት ከአርባ ነው። ውሃው መመለስ ከጀመረ ከሁለት ሰዓት በላይ ሆኖታል።

«ና፣ እስከ ጉልበት ቢሆን ነው፣ ቶሎ እንሻገር» ብዬ እጁን ያዝኩ። ልጁ እግሩን ተክሎ እምቢ አለ። ግንዶቹን አሳየኝ። ሞገድ አንዱን ግንድ አንሥቶ ሰው ላይ ቢጥለው ይገድላል፤ መግቢያው ላይ ማስጠንቀቂያው ተጽፎ ነበር፤ እኔ አላነበብኩትም፣ እሱ አንብቦታል። ከዚያ ዓይኑን ወደ ገደሉ አንሥቶ ይፈልግ ጀመር። «ክብ! አባባ፣ ክብ!» ዛፍ ላይ ቀይና ጥቁር ክብ ምልክት ተለጥፏል። ውሃው ሲሞላ በላይ በኩል የሚሻገሩበት የእግር መንገድ መጀመሪያ ነው። እሱ ከፊት፣ እኔ ሥር እየጨበጥኩ ከኋላ፣ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ወጣን፤ በወዲያኛው በኩል ወረድን።

ልጄ ከሥር ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል። ልጇን አልጮኸችበትም። «በየት መጣችሁ?» አለችው። «በክቡ» አላት። አቀፈችው። እኔን ምንም አላለችኝም።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እሳቱ ዳር ጀበናዋን ጣደች። እኔም ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ፣ ልጁ ሁለት ጊዜ እንደነገረኝና አፉን እንዳስያዝኩት ነገርኳት። ቡናውን ቀድታ ሰጠችኝና፣ «ላንጋኖን ታስታውሰዋለህ?» አለችኝ።

አስታወስኩ። ስምንተኛ ክፍል ሳለች ክፍሉ በሙሉ ላንጋኖ ሊሄድ የፈቃድ ወረቀት ይዛ መጣች። በዚያ ሰሞን አንድ ልጅ ውሃ ወሰደው ሲባል ሰምቼ ስለነበር አልፈረምኩም። «ለምን?» ስትለኝ፣ «ብያለሁ አልኩ!» አልኳት። ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

«ዋና የተማርኩት እዚህ አገር በሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው» አለችኝ። «ከአምስት ዓመት ልጆች ጋር ተሰልፌ። እስከዚያ ድረስ ውሃ ባየሁ ቁጥር እፈራ ነበር። ፍርሃቱን ሰጠኸኝ እንጂ የምፈራውን ነገር አላስተማርከኝም። ስለዚህ ልጄ ሠንጠረዡን ማንበብ ይቻል፣ መውጫውን ይወቅ አልኩ።»

ብዙ የምለው ነበረኝ። ዘመኑ እንደዚያ ነበር፣ እኔም ያደግሁት እንደዚያ ነው ልል ነበር። ግን ያን ቀን ሕይወቴን ያተረፈው እሷ ያስተማረችው ልጅ ነው። «ይቅርታ፣ ልጄ፤ ቢያንስ ምክንያቱን ልነግርሽ ይገባ ነበር» አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ሁለተኛውን ቀዳችልኝ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጅ ሁሉ እንደፈለገ ይሂድ ማለቴ አይደለም። ባሕሩ ቀልድ አያውቅም፤ የእኛ ሐይቅና ወንዝም እንደዚያው ነው። ግን «አይሆንም» ስንል አደጋው እንዳለ ነው፤ የሚቀረው የልጁ ዕውቀት ነው። አንድ ቀን እኛ በሌለንበት ውሃው ዳር መቆሙ አይቀርም። ደግሞ ልጅ «እንሂድ» ብሎ እጅጌያችንን ሲጎትት፣ ዝም ከማሰኘታችን በፊት «ለምን?» እንበለው። እኔ ይህን አንድ ቃል ብጠይቅ ኖሮ ስምንት ሰዓት የማን ስምንት ሰዓት እንደሆነ ወዲያው በታወቀ ነበር።

ከተመለስኩ ወዲህ እዚህ ያለው የልጅ ልጄ፣ የሰባተኛ ክፍሉ፣ በጥቅምት ወንጪ ሊሄዱ የፈቃድ ወረቀት ይዞ መጣ። እናቱ ወረቀቱን ይዛ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ትምህርት ቤቱ ሄጄ ሦስት ነገር ጠየቅሁ፦ ስንት መምህር አብሮ ይሄዳል? በስንት ሰዓት ይመለሳሉ? ሐይቁ ላይ በጀልባ የሚሻገሩ ከሆነ ለየልጁ የዋና ጃኬት አለ ወይ? ሁለቱን ወዲያው መለሱልኝ። ሦስተኛውን አጣርተን እንነግርዎታለን ብለዋል። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ «አይሆንም» አልተባለበትም። ልጁ ደግሞ ጃኬቱ እንዴት እንደሚታሰር ከወዲሁ እየተለማመደ ነው።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።