«ስንት ይፈጃል?» ከማለት በፊት

ጣና ላይ ከቀትር በኋላ የሚነሣውን ነፋስ የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ ሰዓት ሞተር ሲቆም የሚወርደውን ዝምታ አይረሳውም። ባለፈው ዓመት ጥር ወር ላይ ያንን ዝምታ ሰማሁት። ከደቅ ደሴት ወደ ባሕር ዳር እየተመለስን ነበር። በጀልባዋ ወለል ላይ ምጥ የጠናባት ሴት በጋቢ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ እናቷ ራሷን በጭናቸው ደግፈው ይዘዋል። ሞተሩ መጀመሪያ ጉልበቱ ደከመ፣ ቀጥሎ አንድ ጊዜ አቃሰተ፣ ከዚያም ጸጥ አለ። የሚሰማው የጀልባዋን ጎን የሚመታው ሞገድ ብቻ ሆነ። እናትዮዋ ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ምነው ቆመ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሌላ ጀልባ ደረሰልንና ሴትዮዋ በሰላም ተገላገለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥያቄው ግን እኔ ዘንድ ቀረ። ሞተሩ ከታደሰ ገና አርባ ቀን አልሞላውም ነበርና።

ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው ስለዚያ ሞተር ነው። ነገሩ የመካኒኮች ጉዳይ ብቻ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። ያረጀን ዕቃ በጥቂት ገንዘብ ማደስ በአገራችን የብዙ ሰው የዕለት ተዕለት ኑሮ ነው፤ ብዙዎቻችንም የምንሄድበት መንገድ የተሳሳተ ይመስለኛል። ርካሽ እድሳት የምለው የብልሽቱን ምክንያት ያገኘውን ነው። ምክንያቱን ሳይነካ የተበላውን ዕቃ ብቻ የቀየረ እድሳት፣ የቱንም ያህል ቢረክስ፣ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል።

ሞተሩ ለፍጥነት የተሠራ ነው። በጀልባ ጀርባ የሚንጠለጠል፣ ሦስት ሲሊንደር ያለው፣ 70 የፈረስ ጉልበት፣ መካኒኮቻችን ቱ ስትሮክ የሚሉት ዓይነት። ከእህቴ ባል ጋር በሽርክና ስንገዛው ብዙ ያገለገለ ነበር። ጀልባዋ ቀላል፣ ሞተሩም ብርቱ ስለሆነ፣ ከደሴቶቹ ላይ በሽተኛ ሲገኝ ቶሎ የሚጠራው የእኛው ነው።

እንዲህ ያለው ሞተር አንድ ጠባይ አለው። እንደ መኪና ሞተር ለብቻው የተቀመጠ ዘይት የለውም፤ ፒስቶኑን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባው ዘይት ነው። የእኛው በ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ይፈልጋል። ስለዚህ ቤንዚን ያነሰው ሲሊንደር ዘይትም ያንሰዋል። ሙቀቱ እየጨመረ ማለስለሻው እየቀነሰ ይሄዳል፤ ለሞት የሚያበቃውም ይህ ነው። በፍጥነት ሞተር ላይ ደግሞ ደቂቃዎች ይበቁታል፤ ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው በደቂቃ ከ5,000 ጊዜ በላይ ይዞራልና።

ይህን ያኔ አላውቅም ነበር። ጉልበቱ መቀነሱን ባየን ጊዜ ወደ አንድ መካኒክ ወሰድነው። ፈታው፤ የሦስተኛው ሲሊንደር ፋሻ ተበልቶ አገኘ። አዲስ ፋሻ አስገባ፣ ቴስታታውን ገጠመ፣ ላዩንም ሰማያዊ ቀለም ቀባልን። ቀለሙ አማረን። ዋጋውም አማረን። ጥፋቱን በእርሱ ላይ ብቻ ልጥል አልችልም፤ እኔ የጠየቅሁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ስንት ይፈጃል?» የሚል። እርሱም የተጠየቀውን መለሰ።

ከሐይቁ መሐል ተጎትተን ከተመለስን በኋላ ዕድሜያቸውን በጣና ሞተሮች ላይ ያሳለፉ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ሄድን። «ጋሼ፣ ያለን ገንዘብ ትንሽ ነው» አልኋቸው፣ ገና ሰላምታው ሳያልቅ። «ገንዘብ ካነሰህ መለካት ማብዛት ነው» አሉኝ። መፍቻ አላነሡም። መጀመሪያ ያነሡት መለኪያ ነበር።

ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የተያዘው ፒስቶን ለቆ ነበርና፣ ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጥተው፣ ጋዙን ሙሉ በሙሉ ከፍተው፣ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን ለኩ። የመጀመሪያው 98 ፒኤስአይ፣ ሁለተኛው 96፣ ሦስተኛው 71። እኔ የሞተሩን መጽሐፍ ገልጬ 120 የሚል ቁጥር ስላየሁ፣ ሦስቱም አልቀዋል ብዬ ደነገጥሁ። አዛውንቱ ሣቁ። «መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ለተቀመጠ ሰው ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው። በዚያ 120 የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር እዚህ 100 ገደማ ቢያሳይ ነውር የለበትም። መታየት ያለበት ሲሊንደሮቹ እርስ በርሳቸው ያላቸው ልዩነት ነው። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ድረስ የሚታለፍ ነው፤ የእኛው ሦስተኛ ግን ከሩብ በላይ ወርዷል። ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገውበት ዳግም ሲለኩት ወደ 88 ከፍ አለ። ዘይቱ ክፍተቱን ለጊዜው ስለ ደፈነው ነው፤ ጉዳቱ ያለው ፋሻውና የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ መሆኑ በዚህ ታወቀ። መጽሐፉን ብቻ ያመነ ሰው ሁለት ደኅና ሲሊንደሮችን ያለ ጥፋታቸው ያሳርድ ነበር።

ቀጥሎ የጠየቁኝን ግን እስካሁን አልረሳውም፤ «ለምን ሦስተኛው?» አሉኝ። ሦስቱም አንድ ቤንዚን ይጠጣሉ፣ አንድ ዘይት ይቀባሉ፣ በአንድ ውሃ ይቀዘቅዛሉ። አንዱ ብቻ ሁለት ጊዜ ለምን ይሞታል? በእኛው ሞተር እያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ካርቡራተር አለው። የሦስተኛውን ሲፈቱት ቤንዚኑ የሚያልፍባት ቀጭን ቀዳዳ በጥቁር ቅንጣት እኩሌታዋ ተደፍኖ ተገኘች። ቅንጣቱ ከየት መጣ? የቤንዚን ማስተላለፊያው ጎማ ከውስጥ አርጅቶ እየተላጠ ነበር። ውጪው ደኅና ይመስላል። እንግዲህ አዲሱ ፋሻ በመጀመሪያው ቀን የተላከው ወደ አሮጌው ሞቱ ነበር ማለት ነው። ያ ቁራጭ ጎማ ከአንድ ካንዴላ የሚበልጥ ዋጋ አልነበረውም።

ከዚህ በኋላ ነው ስለ ገንዘብ የተነጋገርነው። የነበረን ገንዘብ የአዲስ ሞተር ዋጋ አንድ አሥረኛ አይሞላም ነበር። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው የት እንደ ደረሰ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። በክልሉ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በተነሣው ግጭት የተነሣ ጎብኚም ርቆናል። ስለዚህ የምንገዛውን ዕቃ በሦስት ከፈልነው።

መጀመሪያ፣ ሞተሩን የገደሉትና ሊገድሉት የሚችሉት ነገሮች። የቤንዚን ጎማዎች ሁሉ፣ ማጣሪያው፣ የሦስቱም ካርቡራተሮች ጓርኒሲዮንና መርፌዎች፣ የውሃ ፓምፑ ባለ ክንፍ ጎማ፣ ቴርሞስታቱ። የውሃው ነገር በጣና ላይ የሚናቅ አይደለም። ወንዞቹ በክረምት የሚያመጡት ደለል የፓምፑን ጎማ ይሞርደዋል፤ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭም ሥሩና ቅጠሉ የውሃ መሳቢያውን ይደፍነዋል። ከሞተሩ ጀርባ የምትፈልቀው ቀጭን ውሃ ስትደክም አይቶ ዝም ያለ ሰው፣ ሞተሩን በገዛ እጁ እንደ ጠበሰው ይቁጠረው።

ሁለተኛ፣ የተጎዳው ራሱ። በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የፒስቶን አልሙኒየም ሲጸዳ ከሥሩ ጥልቅ ጭረት ተገኘ፤ ስለዚህ ያ አንዱ ሲሊንደር በግማሽ ሚሊሜትር እንዲሰፋና የዚያው ልክ ፒስቶን እንዲገባለት ሆነ። አንዱን ብቻ ማስፋት ይቻል እንደ ሆነ የሚመልሰው የአምራቹ መመሪያ ነው፤ የእኛው ይፈቅዳል። ሌሎቹ ሁለቱ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ተለክተው ከገደቡ ስላላለፉ፣ ግድግዳቸው በስሱ ተፍቆ አዲስ ፋሻ ብቻ ገባላቸው። ፒስቶኑንና ፋሻዎቹን ዱባይ ያለች የአክስቴ ልጅ ገዝታ በመንገደኛ ላከችልን። ማስፋቱን የሠራው የጭነት መኪና ሞተር የሚሠራ የቶርኖ ቤት ነው። የቱ ስትሮክ ሲሊንደር ግን በግድግዳው ላይ መስኮቶች አሉት፤ ከተሰፋ በኋላ የመስኮቶቹ ጠርዝ እንደ ምላጭ ይሆናል፤ ያ ጠርዝ በጥንቃቄ ካልተለሰለሰ አዲሱን ፋሻ ይዞ ይሰብረዋል። የቶርኖው ባለሙያ ይህን ልብ አላለውም። አዛውንቱ ግማሽ ቀን ተቀምጠው በትንሽ ሞረድና በብርጭቆ ወረቀት በእጃቸው አለሰለሱት። ለዚህ ገንዘብ አልጠየቁም። ገንዘብ ቢኖረኝ ኖሮ የምከፍለው በዚህ ሥራ ነበር።

ሦስተኛ፣ ያልገዛነው። ቀለም አልገዛንም። የተሰነጠቀውን ሽፋን አልቀየርንም። ፍጥነት የሚጨምር ምንም ነገር አላስገባንም። እንዲያውም ፍጥነት ቀነስን፤ ጥርመሳው ያነሰ ፕሮፔለር ገጠምንለት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ አምስት አንድ ገደማ ያጣል፤ ለባሕር ወለል የተመረጠው ፕሮፔለር ይከብደውና በሙሉ ጋዝም ቢሆን የተሠራለት ዙር ላይ ሳይደርስ ያምጣል። ብዙ ሰው ዙሩ ሲያንስ ሞተሩ ያረፈ ይመስለዋል። ለፍጥነት ለተሠራ ሞተር ግን ከባድ ጭነት በትንሽ ዙር መጎተት ሥቃይ ነው። ያረጀ ሞተር ከወጣትነቱ ጥቂት ቢጠየቅ ነው የሚያምርበት።

ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያዎቹን 10 ሰዓታት ዘይቱን እጥፍ አድርገን፣ በ25 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር፣ ጋዙን ከፍ ዝቅ እያደረግን፣ ሙሉ ጋዝ ሳንሰጥ ነዳነው። ይህ ትዕግሥት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሆኖም ከሁሉ በላይ የሚከብድ ነው። ጀልባ ፈላጊ ዳር ላይ ቆሞ እያየ ቀስ ብሎ መሄድ ያሳፍራል።

«ይህ ሁሉ ልፋት ለአሮጌ ቱ ስትሮክ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። ካርቡራተር ያለው ቱ ስትሮክ ከሚጠጣው ቤንዚን እስከ ሩብ የሚደርሰውን ሳያቃጥል ወደ ውሃ የሚተፋ ነው። አሜሪካ በ1996 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የብክለት ደንብ ከገበያዋ እንዲወጣ ያደረገችውም ለዚህ ነው። ጣናም ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ ሐይቅ ነው፤ ዓሣውን የምንበላው እኛው ነን። ንጹሕ ፎር ስትሮክ መግዛት የቻለ ሰው ይግዛ፤ እኔም አቅሙ ባገኘሁ ቀን ይህን ሞተር ያለ ኀዘን አሰናብተዋለሁ። እስከዚያ ግን ምርጫው በአዲስና በአሮጌ መካከል አይደለም። በደኅና አሮጌና በታመመ አሮጌ መካከል ነው፤ የታመመው ደግሞ ይበልጥ ይተፋል፣ ይበልጥ ይጠጣል፣ ሰውንም መሐል ሐይቅ ላይ ያስቀራል።

የደንገል ታንኳ የሚሠሩ የጣና ሰዎች ታንኳቸውን ከውሃ ሲያወጡ ዘወትር አቁመው ያደርቁታል። ውሃ እየጠጣ እንደሚከብድ፣ ከከበደም እንደሚሰጥም ያውቃሉና የሚታገሉት ከምክንያቱ ጋር ነው። እኛ ባለ ሞተሮቹ ከእነርሱ ያነሰ ማስተዋል ሊኖረን አይገባም ነበር።

ባለፈው ሰሞን ደቅ ስንደርስ እነዚያ እናት ዳር ላይ የልጅ ልጃቸውን አዝለው አገኘኋቸው። ሞተሩን አይተው፣ «አሁንስ አይቆምም?» አሉኝ። አይቆምም ብዬ ልምልላቸው አልደፈርሁም። ብረት ነውና ሊቆም ይችላል። «ቢቆም እንኳ፣ እናቴ፣ ለምን እንደ ቆመ ሳናውቅ ሰው አንጭንበትም» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሕፃኑን አስተካክለው አዘሉ።