ከኋላ የተቀመጠው ሰውዬ

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» ያሉት አበው ስለ ሮክ ሙዚቃ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም የሙዚቃ አዋቂ ነኝ ባይ ሁሉ ይኼን ተረት በቃሉ ቢያጠና ደስ ይለኛል። ስለ ሮክ በተወራ ቁጥር ዘፋኙ ይወደሳል፣ ጊታር ተጫዋቹ ይመለካል፤ ከኋላ ተቀምጦ ሁለት እጁንና ሁለት እግሩን ለየብቻ የሚያሠራው ሰውዬ ግን የቀልድ ማሟሻ ነው።

ቀልዱን ሳትሰሙት አትቀሩም። ጆን ሌነንን «ሪንጎ ስታር የዓለም ምርጥ ድራመር ነው ወይ?» ብለው ቢጠይቁት፣ «ከቢትልስም አንደኛ አይደለም» አለ ይባላል። አላለም! ቀልዱን የፈጠሩት ሌነን በ1980 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ከተገደለ በኋላ የእንግሊዝ ቀልደኞች ናቸው። ሟች ደግሞ ማስተባበያ አይጽፍም።

እስቲ ሰውየውን ራሱን እንየው። ሪንጎ ግራኝ ነው፤ የሚጫወተው ግን ለቀኝ እጅ ሰው በተደረደረ ድራም ነው። ከአንዱ ከበሮ ወደ ሌላው ሲሻገር ሌላው በማይሄድበት መንገድ የሚሄደው ለዚህ ነው። በ1966 የወጣውን «ሬይን» አዳምጦ «ይኼ ሰው አይችልም» የሚል ካለ፣ ጆሮውን ይታከም።

የሮሊንግ ስቶንሱ ቻርሊ ዋትስም ያው ነው። ጃዝ ወዳድ፣ ሱፉን ያሳመረ ጨዋ ሰው ነበር። ቀኝ እጁ ሃይሃት በሚባሉት ጥንድ ሲምባሎች ላይ እየሄደ፣ ግራው ስኔሩን ሊመታ ሲል ቀኙን ያነሣዋል። ሌላው ድራመር ሁለቱን አንድ ላይ ይመታል። ያቺ ኢምንት ክፍተት ናት ሙዚቃውን የምታስተነፍሰው። አለመምታትም ሙያ ነው እኮ!

«ቢሆንም ድራመር ቢሄድ ሌላ ይተካል» የሚሉኝ አሉ። የሌድ ዘፕሊኑ ጆን ቦናም በ1980 በመጠጥ ሳቢያ በ32 ዓመቱ ሲሞት፣ የቀሩት ሦስቱ የፈለጉትን ከበሮ መቺ ቀጥረው ገንዘብ መሰብሰብ ይችሉ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ያወጡት አጭር መግለጫ ግን እንደ ነበርነው መቀጠል አንችልም የሚል ነው። ለምን እንደሆነ ለማወቅ በ1971 የወጣውን «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» መክፈት ይበቃል። ሄድሊ ግሬንጅ በተባለ አሮጌ ቤት ድራሙን ከደረጃው ግርጌ አስቀምጠው፣ ማይክሮፎኖቹን ከላይ አንጠልጥለው ነው የቀዱት። ቤቱ ራሱ አብሮ የሚመታ ይመስላል። በ1986 ቢስቲ ቦይስ የተባሉት የኒውዮርክ ራፐሮች የመጀመሪያ አልበማቸውን የከፈቱት ያንኑ ምት ቆርጠው በመውሰድ ነው። ከሮክ ወደ ራፕ የተሻገረው የዘፋኙ ድምፅ ሳይሆን የቦናም እግር ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የገንዘቡ ነገር ነው። የዘፈን ደራሲ ተብሎ ዕድሜ ልክ የሚከፈለው በአብዛኛው ግጥምና ዜማ የሰጠው ነው። ምት የሰጠውስ? የክሪም ድራመር ጂንጀር ቤከር «ሰንሻይን ኦፍ ዩር ላቭ»ን የተሸከመው ያ ከባድ የከበሮ አካሄድ የኔ ሐሳብ ነው ሲል ኖሮ በ2019 ሞተ። በደራሲነት የተመዘገቡት ጃክ ብሩስ፣ ፒት ብራውንና ኤሪክ ክላፕተን ናቸው። (ቤከር የለየለት ጠበኛ ነበር፤ ጠበቃ ያጣውም በከፊል በገዛ ምላሱ ነው። ጠበኝነት ግን ዕዳ አይሰርዝም።) ሌድ ዘፕሊኖች «ዌን ዘ ሌቪ ብሬክስ» ላይ የቦናምን ስም ከደራሲዎቹ ጋር ጽፈዋል። ስለዚህ ይቻላል ማለት ነው።

«ስቶንሶች ግን ያለ ዋትስ ቀጠሉ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። ቀጠሉ። ስቲቭ ጆርዳን በቦታው እንዲቀመጥ የጠየቀው ግን ታሞ የነበረው ዋትስ ራሱ ነው። ዋትስ በኦገስት 2021 አረፈ። በሚቀጥለው ወር በሴንት ሉዊስ ከተማ ጉዟቸውን ሲጀምሩ፣ መጀመሪያ መድረኩ ላይ ማንም አልነበረም። በትልቁ ስክሪን የዋትስ ፎቶዎች ያልፉ ነበር፤ የሚሰማው ደግሞ ከበሮ ብቻ።