አልትራሳውንዱ ያየውን ማን ያክመው?

ኪስ ውስጥ የሚገባ አልትራሳውንድ አለ ቢባል የዛሬ ሃያ ዓመት ማን ያምን ነበር? አሁን አለ። የጢም መላጫ ማሽን የሚያክል ነገር ነው። ከሞባይል ስልክ ጋር ያገናኙትና ሆድ ላይ ሲያሳርፉት ሽሉ ስልኩ ላይ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2018 ገበያ ላይ የዋለው አንደኛው ዓይነት ዋጋው 2 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር። ትልቁ የሆስፒታል ማሽን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይበላል፤ መብራት ይፈልጋል፣ ክፍል ይፈልጋል፣ የሚጭነው መኪናም ይፈልጋል። ይኸኛውን ግን አዋላጅ ነርሷ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ በእግርም በበቅሎም ትሄድበታለች።

ለገጠሯ እናት ትልቅ ነገር ነው። አዋላጅ ነርሷ የግድ ራዲዮሎጂስት መሆን የለባትም። በአጭር ሥልጠና ጥቂት ነገሮችን ለይታ ታውቃለች። ሽሉ አንድ ነው ወይስ መንታ? ልቡ ይመታል? ጭንቅላቱ ወደ ታች ነው ወይስ ተጋድሟል? እንግዴ ልጁ የማህፀኑን በር ደፍኖታል? ይህ የመጨረሻው ቀድሞ ካልታወቀ ምጡ ሲመጣ ደም ይፈሳል፤ ደም ሲፈስ ጎረቤት ተጠርቶ ቃሬዛ ይታሰራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አንባቢ ያውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ማንኛዋም ነፍሰ ጡር 24ኛ ሳምንቷ ሳይሞላ አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ መክሯል። መሣሪያው በለጋሾች ገንዘብ እኛ አገር ጤና ጣቢያዎች ውስጥም ገብቷል። እሰየው ነው።

ጉዱ ያለው ከዚህ በኋላ ነው። በኬንያ፣ በዛምቢያ፣ በኮንጎ፣ በፓኪስታንና በጓቲማላ ገጠሮች ከ40 ሺህ በላይ እናቶችን ያቀፈ ጥናት ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታተመ። ግማሾቹ አካባቢዎች ተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድና የሠለጠነ ባለሙያ ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ በነበሩበት ቀጠሉ። መጨረሻ ላይ ሲቆጠር የእናቶቹም የጨቅላዎቹም ሞት ልዩነት የለውም! ጤና ተቋም ሄደው የሚወልዱትም ቁጥር አልጨመረም። ታዲያ ማሽኑ ዋሸ? አልዋሸም። መንታውንም የተጋደመውንም አይቶ ተናግሯል። ችግሩ ከወሬው በኋላ ያለው ነው። እናትየዋ «ሆስፒታል ሂጂ» ተባለች፤ በምን ትሂድ? ስትደርስስ ማን ይጠብቃታል?

ወደ እኛው ቤት እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኦፕሬሽን የተገላገሉት ከመቶ ወሊድ 2 ብቻ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ግን 21! የሐበሻ ሴት ማህፀን አዲስ አበባ ሲደርስ አይለወጥም። የተለወጠው ሐኪሙ፣ ደሙና ማደንዘዣው ያለበት ቦታ ነው። አዋላጇ ጃን አሞራ ተራራ ላይ ቆማ እንግዴ ልጁ በሩን እንደደፈነ በስልኳ ብታይ፣ መድኃኒቱ ኦፕሬሽን ነው፤ ኦፕሬሽኑ ደግሞ ስልኩ ውስጥ የለም።

ሐቁን ለመናገር መንግሥት ምንም አልሠራም አንልም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ቤት ለቤት ደርሷል። ሐኪም ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎችን ቀዶ ሕክምና አስተምሮ ወደ ወረዳ መላኩም ብልህ ሥራ ነበር። ከ100 ሺህ ወሊድ 871 እናቶች ይሞቱ የነበረው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው፤ በ2016ቱ ጥናት 412 ሆኗል። ይህ ሁሉ የሆነው በኪስ አልትራሳውንድ ሳይሆን በሰው ነው።

ያንን ሰው ደግሞ ምን አደረግነው? በትግራይ ጦርነት ድንበር የለሽ ሐኪሞች የጎበኟቸው 106 ጤና ተቋማት 70 በመቶ ያህሉ ተዘርፈው ነበር፤ በወጉ ሲሠሩ የተገኙት 13 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ተናገረ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ጦርነቱ ወደ አማራ ክልል ዞረ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ደመወዛችን ወር አያደርሰንም ያሉ ሐኪሞች፣ ነርሶችና አዋላጆች ሥራ አቆሙ። መልሱ ምን ሆነ? ፖሊስ ራሱ 47 የጤና ባለሙያዎች መያዙን ነገረን። ለመሆኑ መሣሪያውን ማን እንዲይዘው ነው የታሰበው? የጥበቃ ሠራተኛው?

የጥገናውም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት በድሃ አገሮች ካለው የሕክምና መሣሪያ 40 በመቶ ያህሉ እንደማይሠራ አመልክቷል። ያ የቆመ ብረት ነው። ይኸኛው ስልክ ይፈልጋል፣ ቻርጅ ይፈልጋል፣ ሶፍትዌሩ መታደስ ይፈልጋል፤ ሲወድቅ ደግሞ ይሰበራል። ለጋሹ አንድ ጊዜ ገዝቶ ይሰጣል። ሲሰበር ግን ተመልሶ ለመምጣቱ ዋስትና የለም፤ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2025 ዩኤስኤይድን ሲዘጉ የሆነውን ሁሉም አይቷል።

አይግዙ አላልንም። ይግዙ! ግን አንድ መሣሪያ ለጤና ጣቢያ ሲሰጥ በዚያው ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ እናት የምትላክበት ሆስፒታል የትኛው እንደሆነ፣ ሌሊት ኦፕሬሽን የሚሠራው ማን እንደሆነ፣ ደሙ ከየት እንደሚመጣ። አምቡላንሱም የባለሥልጣን ጉዳይ ማስፈጸሚያ መሆኑ ይቅር።

የጤና ሚኒስቴር በየወረዳው ስንት ተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድ እንደገባ፣ ስንቱ ዛሬ እንደሚሠራ፣ በእሱ ታይተው ከተላኩት እናቶች ስንቶቹ ሆስፒታል እንደደረሱ ዝርዝሩን ያውጣ። ለማተም ገጽ እንለቃለን፤ ገንዘብም አንጠይቅም።