የተደረበ ቅርንጫፍ ሙሉ ቅጂ አይደለም

እንደሚታወቀው ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው ሥራውን ደጋግሞ ያሻሽላል፣ ይሰርዛል፣ ወደ ቀድሞውም ይመልሳል። የዚህን ሁሉ ታሪክ ክለሳ በክለሳ የሚመዘግቡት ሶፍትዌሮች የሥሪት መቆጣጠሪያ ይባላሉ። ከእነዚህ መካከል እንደ ጊትና ባዛር ያሉት፣ የተሰራጩ የሚባሉት፣ የሥራውን ሙሉ ታሪክ በእያንዳንዱ ተጠቃሚ እጅ ያኖራሉ። ሰርቨሩ ቢበላሽ እንኳ ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ታሪኩን እንዳለ ሊመልሰው ይችላል። በእኛ እምነት የእነዚህ ሥርዓቶች ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

ይሁንና ሙሉ ታሪክ ከባድ ነው። በአንድ ትልቅ ፕሮጀክት ላይ ጥቂት መስመሮችን ያረመ ሰው ቅርንጫፉን ለሌሎች ለማሳየት ሲል የዓመታት ታሪክ ወደ ሰርቨር ለመጫን ይገደድ ነበር። ለዚህ ችግር ባዛር እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው 1.6 ሥሪቱ የተደረበ ቅርንጫፍ የሚባለውን ዘዴ አቀረበ። የተደረበ ቅርንጫፍ የሚይዘው በመሠረቱ ቅርንጫፍ ውስጥ የሌሉትን አዳዲስ ክለሳዎች ብቻ ነው፤ ለቀረው የመሠረቱን አድራሻ መዝግቦ ጠያቂውን ወደዚያ ይመራል። በቀርፋፋ መስመር፣ ያውም በሜጋባይት እየከፈለ ለሚሠራ ተማሪ ይህ ቀላል እፎይታ አይደለም።

የባዛር የመጨረሻ ዋና ሥሪት 2.7 እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቶ ሥራው ብሪዚ ወደተባለው ተተኪ ተሸጋግሯል፤ አብዛኛው ተማሪም ዛሬ የሚጠቀመው ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 በጀመረው ጊት ነው። ነገር ግን ሐሳቡ በጊትም አለ። ቅጂ ሲወሰድ «ሼርድ» የተባለው አማራጭ ከታዘዘ፣ ጊት ታሪኩን መገልበጡን ትቶ «ኦልተርኔትስ» በተባለ ፋይል ውስጥ የምንጩን አድራሻ ብቻ ይጽፋል። የጊት መመሪያ ራሱ ይህ አማራጭ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ያስጠነቅቃል። መመሪያ የሚያነብ ስንቱ ነው?

ከምናውቃቸው የመመረቂያ ሥራዎች በአንዱ የደረሰው ይህ ነው። የላቦራቶሪው ዲስክ ሊሞላ ስለተቃረበ የቡድኑ አባላት በጋራ ፎልደር ከተቀመጠ አንድ ቅጂ ላይ ደርበው ይሠሩ ነበር። በሴሚስተሩ ዕረፍት ቴክኒሺያኑ ዲስኩን ሲያጸዳ ያንን «አሮጌ» ፎልደር ደመሰሰው፤ የነገረው ሰው ስላልነበረ አንወቅሰውም። ተማሪዎቹ ሲመለሱ ፋይሎቹ በቦታቸው ነበሩ። ከቅጂው ወዲህ የጻፏቸው ክለሳዎችም አልጠፉም፤ የተመሠረቱበት የቀድሞው ታሪክ ግን አልነበረም። ማን የትኛውን ክፍል እንደሠራ ለፈታኞች የሚያስረዳው ደግሞ ያ ታሪክ ነበር።

በዚህ ምክንያት መደረብ ይቅር አንልም። ሥራን ለሌሎች ለማሳየት ይደረብ፤ ለማኖር ግን አይደረብ እንላለን። ዲስክ ርካሽ ነው የሚለው ክርክር በላቦራቶሪዎቻችን ሁልጊዜ እንደማይሠራ እናውቃለን፤ ቢሆንም ቢያንስ አንድ የቡድኑ አባል ሙሉ ቅጂ በሌላ ዲስክ ሊይዝ ይገባል። የተደረበውንም መሙላት ይቻላል፦ በባዛር «ሪኮንፊገር» የሚለውን ትእዛዝ «አንስታክድ» ከሚለው አማራጭ ጋር፣ በጊት ደግሞ «ሪፓክ» የሚለውን ትእዛዝ ሁሉንም እንዲጠቀልል አድርጎ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ የ«ኦልተርኔትስ»ን ፋይል ማጥፋት ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ታሪኩ ይቋረጣል።

በኔትወርክ ላይ የተደረበ ቅርንጫፍ መስመር በተቋረጠ ቁጥር ጥገኝነቱን ያስታውሳል። በአንድ ዲስክ ላይ የተደረበው ግን እስከ መጨረሻዋ ቀን ያለ እንከን ይሠራል። ስለዚህ ከዕረፍት በፊት የመሠረቱን ፎልደር ስም ለጊዜው ቀይሮ፣ በቅጂው ውስጥ ታሪኩን ከመጀመሪያው ክለሳ ጀምሮ መጠየቅ ጥሩ ፈተና ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም።