የማይተኩስ መሣሪያ ስለሚሠሩ ሰዎች

ባለፈው ሰሞን ከራት በኋላ በመኝታ ክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ እስከ እኩለ ሌሊት ሳያስተኛን ቀረ። የክርክሩ መነሻ ቀላል ነበር። የምህንድስና ተማሪ የሆነ አንድ ጓደኛችን፥ በአሜሪካ፥ በአውሮፓና በጃፓን የሚኖሩ ሰዎች በፊልም ላይ ብቻ የታየ አንድ ሽጉጥ አስመስለው ለመሥራት ወራት ሙሉ እንደሚደክሙ ነገረን። ሽጉጡ አይተኩስም፤ አይገድልም፤ እንጀራም አይሆንም። አንዱ «ይህ የጥጋብ ሥራ ነው» አለ። ሁለተኛው «የሰው ልጅ ከመሣሪያ የተሻለ የሚቀዳው ነገር አጣ ወይ?» ሲል ጠየቀ። ሦስተኛው ግን ብዙ ዝም ብሎ ቆይቶ «ለመሆኑ ባለፈው ዓመት ከእኛ መካከል ካሊፐር በእጁ የያዘ ማን ነው?» አለ። መልስ የሰጠ አልነበረም።

ይህ የዛሬው ርእሰ አንቀጽ ለሦስቱም ጓደኞቻችን መልስ ለመስጠት የተጻፈ ነው። በጽሑፉ የሚገኙት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንግለጽ። በሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች ውስጥ ባለ ታሪኮቹ የሚይዙት በእርሳስ ጥይት ፈንታ ብርሃን የሚተፋ መሣሪያ «ብላስተር» ይባላል። የፊልም ባለ ታሪኮችን ልብስ ሰፍተው እየለበሱ የሚሰበሰቡ ብዙ ሰዎች አሉ። በሳን ዲዬጎ ከተማ በየዓመቱ የሚደረገው ትልቁ ጉባኤያቸው የተጀመረው በ1970 ነው። በ1997 በአሜሪካ የተመሠረተው «501ኛው ሌጌዎን» የተባለው ማኅበር ደግሞ የአባሉን ልብስና ዕቃ ከተጻፈ መለኪያ ጋር እያስተያየ ካልመረመረ በቀር አይቀበልም። አባሎቹም ይህን ልብስ ለብሰው በየሆስፒታሉ የታመሙ ሕፃናትን ይጎበኛሉ፤ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ያሰባስባሉ። ስለዚህ «የጥጋብ ሥራ ነው» ያለው ጓደኛችን ነገሩን በሙሉ አልሰማም ማለት ነው።

ነገር ግን እኛን የሳበን ልብሱ አይደለም። የሳበን ብላስተሩ የተፈጠረበት መንገድና ዛሬ የሚቀዳበት መንገድ ነው።

«ስታር ዋርስ» የተባለው ፊልም በ1976 ለንደን አጠገብ በሚገኘው በኤልስትሪ ስቱዲዮ ሲቀረጽ፥ መሣሪያዎቹን ሁሉ እንደ አዲስ ነድፎ ለማሠራት የሚበቃ ገንዘብ አልነበረም። የትዕይንት ዕቃዎች አዘጋጅ የነበረው ሮጀር ክርስቲያን ለፊልም መሣሪያ ወደሚያከራየው ባፕቲ ወደ ተባለው የለንደን ድርጅት ሄዶ እውነተኛ የጦር መሣሪያዎችን አነሣ። በላያቸውም ላይ ከልዩ ልዩ ቦታ የተገኙ ቁርጥራጮችን ገጠመባቸው። ሐን ሶሎ የተባለው ባለ ታሪክ የታጠቀው ሽጉጥ ከ1896 ጀምሮ በጀርመን አገር ይሠራ የነበረው ማውዘር ነው። ማውዘር የሚለው ስም ለአባቶቻችን ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ይህንኑ ዓይነት ሽጉጥ ወጣቱ ዊንስተን ቸርችል በ1898 በጎረቤታችን በሱዳን፥ በኦምዱርማን ጦርነት ላይ ይዞት ነበር። በዚህ ሽጉጥ ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር ተጨመረበት፤ በአፈሙዙም ላይ ከጀርመን የአውሮፕላን መትረየስ የተወሰደ የእሳት መከለያ ተገጠመለት። የነጭ ለባሾቹ ወታደሮች መሣሪያም የእንግሊዝ ሠራዊት ከ1953 ጀምሮ የታጠቀው ስተርሊንግ ነው። ካዝናው አጠር ተደረገ፤ በሰውነቱ ላይ የ«ቲ» ፊደል ቅርጽ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ተለጠፈበት፤ ከላይም የአሜሪካ ታንክ መነጽር ተቀመጠበት። በአንዳንዱም ትዕይንት ላይ ባሩድ ብቻ ያለበት ጥይት ይተኮስበት ስለ ነበር፥ አስተውሎ የሚያይ ሰው ቀለሁ ሲወረወር ያያል። ይህን ሁሉ የሠራው የጥበብ ክፍል በ1978 የኦስካር ሽልማት አገኘ።

እንግዲህ የዛሬው ቀጂ የሚነሣው ከዚህ ነው። በእጁ ያለው ከፊልሙ የተወሰደ ሥዕልና ጥቂት ፎቶግራፍ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ሥራው እያንዳንዱ ቁራጭ ከየት እንደ መጣ ማወቅ ነው። ይህች ክብ ነገር ከየትኛው መነጽር ላይ ናት? ይህ ሾጣጣ ብረት የየትኛው መትረየስ ነው? ከቁርጥራጮቹ አንዱ ተለይቶ ከታወቀና ልኩ ከተገኘ፥ ሌላው ሁሉ በስሌት ይከተላል። ለምሳሌ ትክክለኛ ውፍረቱ 25 ሚሊሜትር የሆነው ክፍል በፎቶግራፍ ላይ 10 ሚሊሜትር ሆኖ ቢታይ፥ አጠገቡ 16 ሚሊሜትር ሆኖ የታየው ክፍል 40 ሚሊሜትር ነው ማለት ነው። ይህን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪም ያሰላዋል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለካሜራው የቀረበ ነገር ገዝፎ፥ የራቀው አንሶ ይታያልና፥ በአንድ ፎቶግራፍ የተገኘው ልክ በሁለተኛውና በሦስተኛው ካልተፈተነ አይታመንም። ከዚህም በኋላ ሠሪው በቶርኖ አሉሚኒየም ይቀርጻል፤ ወይም በሲሊኮን ፎርማ ውስጥ ሬዚን ያፈሳል፤ ወይም በኮምፒዩተር ነድፎ በሦስት ገጽ ማተሚያ ያትማል። ከዚያ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ ቀለም ይቀባል። በመጨረሻም እጅ የሚነካውንና ከአፎቱ ጋር የሚፋተገውን ቦታ ብቻ ለይቶ ቀለሙን መልሶ ያሳሳል። በጦር ሜዳ ያረጀ ዕቃ የሚያረጀው በሁሉም በኩል እኩል አይደለምና።

እኛ ተማሪዎች «ቀዳ» የሚለውን ቃል ስንሰማ የምናስበው ሌላ ነገር ነው። የቤተ ሙከራ ዘገባ ከጓደኛው የሚገለብጥ ሰው ቀዳ ይባላል። ያልለካውን ልክ ይጽፋል፤ ያላየውን ውጤት አየሁ ይላል፤ ጓደኛው የሳተውን ስሕተት እንኳ ሳይቀር ይወርሳል። የብላስተሩ ቀጂ ሥራ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። እርሱ የሚቀዳው ለመድከም ሲል ነው፤ ሲቀዳም የቀድሞው ሠሪ ያሰበውን ሁሉ እንደገና ለማሰብ ይገደዳል። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የሚያውቀውንና የሚገምተውን ለይቶ መያዝ አለበት። በ1982 የወጣው «ብሌድ ራነር» የተባለው ፊልም ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የዚያ ፊልም ሽጉጥ የተገጣጠመው ከአንድ የኦስትሪያ አደን ጠመንጃና ከአንድ የአሜሪካ ሽጉጥ ክፍሎች ነበር። ቀጂዎቹ ከሃያ ዓመት በላይ ከፊልሙ ሥዕል ላይ እየለኩ ሲሠሩ ቆዩ። በ2006 ዋናው በሎስ አንጀለስ አጠገብ በተደረገ ጉባኤ ላይ ለሕዝብ ታየ። ግምቱን እንደ ግምት መዝግቦ የያዘ ሰው ያን ጊዜ የተሳሳተውን አርሞ ሥራውን መቀጠል ይችላል፤ ግምቱን እውነት ነው እያለ ሲምል የኖረ ግን የሚያፍረው ያን ጊዜ ነው። ጠፍቷል ይባል የነበረው የሐን ሶሎ ሽጉጥም ተገኝቶ በ2022 በአሜሪካ በጨረታ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ስለዚህ አምሳያ የሚሠራ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ዋናው ሊመጣበት እንደሚችል እያሰበ ይሠራል። እኛስ ዘገባችንን ስንጽፍ እንዲህ እናስባለን?

እስከዚህ ድረስ አመሰገንን። አሁን ወደ ሁለተኛው ጓደኛችን ጥያቄ እንመለስ፤ ጥያቄው ከባድ ነውና በቀልድ አይታለፍም።

ከላይ እንደ ተናገርነው የፊልሙ ብላስተር ከውስጥ እውነተኛ ማውዘር ነበር። እንዲህ ከሆነ፥ ቀጂው በትክክለኛነት ወደ ፊልሙ በቀረበ ቁጥር ወደ እውነተኛው መሣሪያም እየቀረበ ይሄዳል። አረንጓዴና ቢጫ የተቀባ የልጆች ፕላስቲክ ማንንም አያስደነግጥም፤ የሚያስደነግጠው በጥሩ ሁኔታ የተሠራው ነው። የሠሪው ሙያ ባደገ መጠን በመንገድ የሚያልፈው ሰው አደጋ ያድጋል። አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብለዋል። በርያጁን ፈሪ እያልን ስንስቅበት ኖረናል። ነገር ግን ልጡን አሳምሮ እባብ አስመስሎ በመንገድ ላይ የጣለውስ ሰው ምንም ዕዳ የለበትምን?

ይህ የፍልስፍና ጥያቄ ብቻ አይደለም። በ2014 በአሜሪካ በክሊቭላንድ ከተማ አንድ የ12 ዓመት ልጅ በመናፈሻ ውስጥ መጫወቻ ሽጉጥ ይዞ ሳለ ፖሊስ ተኩሶ ገደለው። ሽጉጡ እውነተኛውን የሚመስል ሲሆን፥ መጫወቻ መሆኑን የሚያሳየው ብርቱካንማ ምልክት በአፈሙዙ ላይ አልነበረም። ልጁ የልብስ ጉባኤ ሰው አልነበረም፤ የፖሊሱም ጥፋት በምልክት መጥፋት አይሸፈንም። ቢሆንም አምሳያ የሚሠራ ሰው ሁሉ ይህን ልጅ ሊረሳው አይገባም። በ2017 ደግሞ በፊኒክስ ከተማ የጀግና ልብስ የለበሰ አንድ ሰው እውነተኛ መሣሪያዎችን ታጥቆ ወደ ጉባኤው ገብቶ ተያዘ። ከዚያ በኋላ አዘጋጆቹ ማናቸውም ዓይነት አምሳያ መሣሪያ እንዳይገባ ከለከሉ። ሺህ ሰው በአንድ ሰው ጠንቅ የለፋበትን ሥራ በቤቱ ትቶ ሄደ።

መንግሥታትም ነገሩን አስበውበታል። አሜሪካ በ1988 ባወጣችው ሕግ ለገበያ የሚቀርብ መጫወቻ ጠመንጃ በአፈሙዙ ላይ ብርቱካንማ ምልክት እንዲኖረው አዘዘች። ጃፓን ከ1971 ጀምሮ የብረት አምሳያ ሽጉጥ አፈሙዙ የተደፈነ፥ ቀለሙም ነጭ ወይም ቢጫ እንዲሆን አደረገች። እንግሊዝ በ2006 እውነተኛውን ቁርጥ የሚመስል አምሳያ እንዳይሠራና እንዳይሸጥ ስትከለክል፥ ለቴአትር፥ ለፊልምና ለቤተ መዘክር ግን ፈቀደች። ሦስቱም ሕጎች የሚሉት ነገር አንድ ነው፤ አምሳያው አምሳያ መሆኑን ለሚያየው ሰው ይንገረው።

የእኛም አሳብ ይኸው ነው። ሠሪው ለሥራው እውነተኛ መሆኑን አሳይቷል፤ በአንድ ሚሊሜትር አይዋሽም። ይህ እውነተኛነት ግን በጠረጴዛው ላይ ቆሞ ሊቀር አይገባውም፤ ፊልሙን አይቶ ለማያውቀው ለመንገደኛው፥ ለዘበኛውና ለጎረቤት ልጅም ሊደርስ ይገባል። እርሱ አምሳያ መሆኑን ያውቃል፤ እነርሱ አያውቁም። ስለዚህ አፈሙዙን እስከ ውስጡ ድረስ ይድፈነው። በመንገድ ሲሄድ በተዘጋ ሣጥን ይያዘው። ብርቱካንማውን ምልክት በመድረክ ላይ ካልሆነ በቀር አያንሣው። ወደ ሰው አያነጣጥረው፤ ሕፃናት ከሚደርሱበትም ስፍራ አያስቀምጠው። ጥንታዊውን ሽጉጥ ቆርጦ ለጨዋታ ማዋልም አያስፈልግም፤ ከመጀመሪያው መተኮስ የማይችሉ የብረት አምሳያዎች በስፔን ይመረታሉ፤ ካልሆነም ሬዚኑ አለ። ይህን የማያደርግ ሠሪ፥ እጁ ምንም የተካነ ቢሆን፥ ሥራውን አልጨረሰም እንላለን።

አሁን የሦስተኛው ጓደኛችን ጥያቄ ቀረ። በእጃችን ካሊፐር የያዝነው መቼ ነው? ይህን የምናነሣው ብላስተር እንሥራ ለማለት አይደለም። በየወርክሾፑ ጥግ የተሰበረ ፓምፕ፥ ጥርሱ ያለቀ ማርሽ፥ መለዋወጫ የታጣለት ማይክሮስኮፕ ሞልቷል። መምህራኖቻችንን በትሕትና የምንለምነው፥ ከእነዚህ አንዱን በጠረጴዛ ላይ አኑረው «ለክታችሁ መልሳችሁ ሥሩት» እንዲሉን ነው። ፈተናውም እንዲህ ቢሆን እንወዳለን። ጓደኞቻችንንም የምንለምነው በምንጽፈው ልክ ሁሉ አጠገብ «ለካሁት» ወይም «ገመትኩት» የሚል አንዲት ቃል እንዲጨምሩ ነው። ቀለም አያስወጣም፤ የሚጠይቀው ድፍረት ብቻ ነው።

ለጨዋታ ብለው የማይተኩስ ሽጉጥ የሚሠሩ ሰዎች ይህን ያህል ለልክ ከተጨነቁ፥ ነገ ድልድይ እንሠራለን፥ መድኃኒት እንቀምማለን የምንለው እኛ ከእነርሱ ባነሰ ጥንቃቄ ልንሠራ አይገባንም።