መሥሪያ ቤት ቢለወጥ አደራ አይለወጥም

አደራ በላነት በአገራችን ከሌብነት የከፋ ነውር ሆኖ ሲቈጠር ኖሯል። ሌባ የሚሰርቀው በሩን ዘግቶ ከተኛ ሰው ነው፤ አደራ በላ ግን ቁልፉን አምኖ ካስረከበው ሰው ይሰርቃል። ይህ ነውር ዛሬ ሙሉ ልብስ ለብሶ ሲመጣ «የሥራ ልምድ» የሚል ስም እየተሰጠው ወንበር ይሳብለታል።

ነገሩን በባንክ ሥራ እንመልከተው። በ1986 ዓ.ም. ሕግ ከፈቀደ ወዲህ የግል ባንኮች በዝተዋል፤ በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ ለውጭ አገር ባንኮች በር ከፍቷል። ስለዚህ የሠለጠነ ሠራተኛ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢዘዋወር አያስደንቅም፤ የተሻለ ደመወዝ መፈለግም ነውር አይደለም። ነውሩ የሚጀምረው ሠራተኛው የገንዘብ አስቀማጮችን ስምና የሒሳብ ልክ ገልብጦ የወጣ እንደሆነ፥ በሳምንቱም ከአዲሱ ወንበሩ እየደወለ «ገንዘብዎን ወደኛ ያዙሩ» ያለ እንደሆነ ነው።

«በጭንቅላቴ ያለው የኔ ነው» የሚሉ አሉ። መልሳችን ይህ ነው፤ ሒሳብ መያዝ፥ ብድር ጠያቂን መመርመር፥ ደንበኛን በትሕትና ማስተናገድ በላብ የተገኘ ሙያ ስለሆነ ማንም ሊነጥቃቸው አይችልም። የአቶ እገሌ ሒሳብ ግን የሠራተኛው አይደለም፤ የባንኩም ብቻ አይደለም፤ የአቶ እገሌ ነው። ባለቤቱ ሳይጠየቅ ምሥጢሩን ለገበያ የሚያወጣው ማን ሆኖ ነው?

ይህን የምጽፈው ከፈተናው ርቄ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በግዥ ክፍል ስሠራ አንድ ድርጅት በእጥፍ ደመወዝ ሊቀጥረኝ ጠራኝ። ስለ ትምህርቴ ብዙም አልጠየቁኝም፤ የጠየቁኝ ሌሎች ተጫራቾች ያቀረቡትን ዋጋ ነበር። የቤት ኪራይ ነበረብኝ፥ ልጅም ነበረኝ፤ እምቢ ማለት ቀላል ነበር ብዬ አልመጻደቅም። ነገር ግን የፈለጉት እኔን ሳይሆን በእጄ ያለውን የሰው ፖስታ መሆኑን፥ ፖስታው ከተከፈተም በኋላ እኔ እንደማላስፈልጋቸው ተረዳሁ። ምሥጢር ይዞ የመጣን ሰው የሚቀጥር አለቃ፥ ያ ሰው ነገ የርሱን ይዞ እንደሚሄድ አያጣውም።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሙያ ምሥጢርን መግለጥ ያስቀጣል። ሕግ ግን ማስረጃ ይሻል፤ በስልክ የሾለከ ስም ደግሞ ዱካው አይገኝም። ስለዚህ ዋናው ዳኛ ኅሊና ነው።

አሠሪዎችም ከወቀሳ አያመልጡም። ምሥጢር በሚል ሰበብ ሠራተኛውን እንደ ገባር አስረው፥ ሙያውን የትም እንዳይሠራበት ሊከለክሉት የሚሹ አሉ። ጥፋት አይቶ ለሕግ ያመለከተውንም «ምሥጢር አባካኝ» ይሉታል። ይህ ሐሰት ነው፤ ምሥጢር የሚጠበቀው ባለቤቱ እንዳይጎዳ እንጂ ሌባ እንዳይያዝ አይደለም።

እንግዲህ ለሥራ የምትዘጋጁ ተማሪዎች ሆይ፥ መሥሪያ ቤት ስትለቁ ሙያችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ መዝገቡን ግን አስረክቡ። ሠራተኛ የምትቀጥሩ ሹማምንትም አንድ ሰው የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን ምሥጢር በገጸ በረከትነት ይዞላችሁ ቢመጣ፥ ፖስታውን ሳትከፍቱ ከነባለቤቱ መልሱት።